የጥሩምባ ነፊው ልጅ ዶክትሬት

እኛ ሰፈር ነርስ ዶክተር ትሆናለች ብሎ ሰው ማሳመን ከትምህርቱ ይከብዳል። ዶክትሬት ልማር ነው ስል ባለሱቁ ዓብዱላሂ «ኦፕሬሽን ልትሠሪ ነው?» አለኝ። አይደለም አልኩት። «መድኃኒት ልታዢ ነው?» እሱም አይደለም። «ታዲያ ምን አቃጠለሽ?» አለና ሳሙናዬን በፌስታል አድርጎ ሰጠኝ። ከግቢያችን ፊት ለፊት ያሉት እማማ ብርነሽ ደግሞ «ልጄ፣ ዶክተር ከሆንሽ በኋላ መርፌ መውጋት ትተያለሽ?» ብለው ተጨነቁ፤ የስኳር መርፌያቸውን የምወጋቸው እኔ ነኛ። አልተውም እማማ፣ አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ማስረዳቱ ሰለቸኝ።

ለእናንተ ግን አንድ ጊዜ እላለሁ፤ ደግማችሁ እንዳትጠይቁኝ። የእኔ ትምህርት የሙያ ዶክትሬት ይባላል። መጽሐፍ ላይ ተደፍቶ የሚያልቅ አይደለም። ከምትሠሩበት ክፍል አንድ የተበላሸ ነገር ትመርጣላችሁ፣ ታስተካክሉታላችሁ፣ ከዚያ አዲስ አበባ ሄዳችሁ ፈታኞች ፊት ቆማችሁ መስተካከሉን ታስረዳላችሁ። ሌሎቹ ተማሪዎች የቁስል አጠባበቅ፣ የወሊድ ክትትል መረጡ። እኔ መርዶ መረጥኩ። ሆስፒታል ውስጥ ሰው ሲሞት ለቤተሰቡ እንዴት እንደሚነገር ማለት ነው። ለምን እሱን እንደመረጥኩ የሚያውቀኝ ሰው አይጠይቅም።

አባቴ ሀብተወልድ ግንበኛ ነበር። ቅድመ አያቶቻችን ከሸዋ ከመጡ ጀምሮ ሐረር ነን፤ አባቴም ከጀጎል ግንብ ውጭ ባለው ከተማ ያልጠገነው አጥር ጥቂት ነው። ሰው የሚያውቀው ግን በአጥሩ አይደለም፤ በጥሩምባው ነው። የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ነበር። ሰው ሲሞት ሊነጋጋ ሲል ይነሳና ሐኪም ጋራን በሚያሳየው ዳገት እየወጣ ይነፋል። ነፍቶ ሲጨርስ «እድርተኛ ሁሉ! ወይዘሮ እገሊት አርፈዋልና ሳትቀሩ ውጡ!» ይላል። እኔን ትምህርት ቤት «የመርዶ ልጅ» ይሉኝ ነበር። እሱ ጠርቶ ከቤቱ የሚቀር አልነበረም፤ በዚህ ይኮራ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ሲበዛ ይኮራ ነበር። «እኔ የጠራሁለት ሰው፣ ሀብታም ሆነ ደሃ፣ በሕዝብ ነው የሚቀበረው» ይላል፣ ጢሙን እያሻሸ።

መርዶ ለማርዳትም ከሽማግሌዎቹ ጋር ይሄዳል። የኛ ሰው ደንቡን ያውቃል። ሟች ቅርብ ዘመዱ ከሆነ ሰው በቁሙ፣ ብቻውን ሆኖ፣ በመሸ ሰዓት አይነገረውም። መጀመሪያ በልቶ ይተኛ ይባላል። ራቅ ያለ አገር ካለ «አባትህ ትንሽ አሞታል፣ ና» ተብሎ ይጠራል። ከዚያ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ በሩ ላይ ቆሞ ሲያይ ነገሩ ይገባዋል። አባቴ ይህን እንደ ጸሎት ነበር የሚይዘው። እኔ ደግሞ ያናድደኝ ነበር። ሁሉም ሰው አውቆ ባለቤቱ ብቻ ሳያውቅ ሲስቅ፣ ሲበላ፣ ሰው በቆረጣ ሲያየው፤ ይሄ ምን ዓይነት ርኅራኄ ነው?

ነርስ ሆኜ ውስጥ ደዌ ክፍል ስመደብ የበለጠ አየሁ። ሐኪሙ ሞቱን ፈርሞ ይሄዳል፤ የቀረው በኛ ላይ ነው። እኛም ሰው ነንና እንሸሻለን። አንድ ጊዜ ከድሬ ጠያራ የመጣች ሴት ለባሏ ሾርባ በፔርሙስ ይዛ ገባች። ባሏ ያለፈው ማታውን ነበር። ተረኛዋ ነርስ ፈርታ «አሁን አይገባም፤ ሄደሽ ወንድ ዘመድ ይዘሽ ነይ» አለቻት። ሴትየዋ ፔርሙሱን «ሳይቀዘቅዝ ስጡልኝ» ብላ አስረከበችና ያን ሁሉ መንገድ ተመለሰች። ከወንድሞቿ ጋር ስትመጣ ቀኑ አልፏል። ሙስሊም ናቸው፤ ሬሳ ማሳደር አይወዱም። ሴትየዋ የጮኸችው በባሏ አልነበረም። «እኔ ሾርባ ስሰጣችሁ ታውቁ ነበር?» ነበር የምትለው። እኔ ፔርሙሱን አጥቤ መለስኩላት፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ።

እንግዲህ ሥራዬ ይሄ ነበር። የክፍሌን ነርሶች አስተማርኳቸው። ሰውየውን አስቀምጡት፣ እናንተም ተቀመጡ። የሟቹን ስም ጥሩ። «ሞቷል» በሉ። ደከመ፣ ጸጥ አለ፣ ወደ ላይኛው ክፍል ወሰድነው የሚባል ነገር የለም። ከዚያ ዝም በሉ፤ ዝም ማለቱ ነው የሚከብደው። ለአባቴ ስነግረው ሳቀብኝ። «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» አለኝ። አባዬ አንተ የምታደርገው ሰውን ማታለል ነው አልኩት። ተቆጣ። «መርዶ ማሳደር ማታለል አይደለም» አለ። አንዱ ሌላውን ሳያሳምን ራታችንን በላን።

ነርሶቹ ውስጥ ፈጥና የገባት ሱሀይላ ነበረች። የጀጎል ልጅ ናት፤ ቤቷ ከፈረስ መጋላ ወደ ውስጥ የሚገባው ጠባብ መንገድ ላይ ነው፤ በቤታቸው በራሳቸው ቋንቋ ነው የሚነጋገሩት። ትንሽ ልጅ ብትመስልም ቀጥ ያለች ናት። ያልሆነውን ሆነ አትልም። «ሲስተር፣ እኛ ጋ መርዶ አይደበቅም፤ ኢና ሊላሂ ተብሎ ወዲያው ወደ ቀብር ነው። እናንተ ናችሁ የምታከብዱት» ትለኝ ነበር። የምትለው ልክ ነበር፤ የጀጎል ሰው ሥራዬን ቶሎ ተቀበለው። ያስቸገረኝ የራሴ ወገን ነው።

የእድር ሊቀመንበራችን አቶ ኪዳነወልድና ሽማግሌዎቹ ሆስፒታል ድረስ መጥተው ተናገሩኝ። «ሕዝቡን ልታስደነግጪ ነው፤ ሰው ሳይዘጋጅ ሞት ቢነገረው ልቡ ቢቆምስ?» አሉ። አባቴ አብሯቸው መጥቶ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። እነሱን ካላሳመንኩ ሥራው ወረቀት ላይ እንደሚቀር ገብቶኛል። ያኔ ነው ያ ሐሳብ የመጣልኝ። ለምን በሽተኛውን ራሱን አንጠይቀውም? ክፉ ነገር ቢመጣ ለማን እንንገር፣ መቼ እንንገር፣ በማን አፍ? መልሱ የበሽተኛው ነው። ጠያቂዋ ነርስ ብቻ ታውቀዋለች፤ ለሐኪም፣ ለዘመድ፣ ለእኔም ቢሆን አትናገርም፤ ቀኑ ሲመጣ እንደተባለችው ታደርጋለች። ሽማግሌዎቹ ተያዩና «ኑዛዜ ነዋ» አሉ። ተስማሙ። እኔ በዚህች ነገር ስንት ቀን እንደኮራሁ አትጠይቁኝ።

መጀመሪያ ላይ በሽተኞቹ ተቆጡ። «ልትገድሉኝ ነው?» ያለን ነበር። ቀስ በቀስ ግን ለመዱት፤ እንዲያውም የሚያጫውቱን አሉ። ባሕሩዲን የሚባሉ የጀጎል ነጋዴ «ለሚስቴ ወዲያው ንገሯት። ለጎረቤቴ ግን መጨረሻ ላይ፤ ደስታውን ትንሽ ላዘግይበት» ብለው ክፍሉን አሳቁት። ድነው ወጡ፤ ጎረቤታቸው ነው ተሸክሞ ያወጣቸው። ይህንን ባሕሩዲን ራሳቸው ናቸው ለሰው ሁሉ የሚያወሩት፤ እኔማ አልናገርም።

ከዚያ አባቴ ታመመ። የልብ ድካም ነው። እግሩ ያብጣል፣ ዳገቱን ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ጥሩምባውን ሲነፋ መሀል ላይ እያቆመ ሲያርፍ ሰፈሩ ይሰማው ነበር። ሰዉ «ሀብቴ ደከመ» ይል ጀመር። ፈተናዬ አንድ ጊዜ በሱ ምክንያት ተላለፈ። ቀን ከተቆረጠ በኋላ እንደገና ሲተኛ ሁለተኛም ላስተላልፍ ብዬ ስልክ አነሳሁ። አልጋው ላይ ሆኖ ሰማኝ። «ማን ጋ ነው የምትደውይው?» አለኝ። ነገርኩት። እንዲህ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም። «በእኔ አሳበሽ ልትቀሪ? እኔ የማንም ሰበብ አይደለሁም» አለኝ። ስልኩን ዘጋሁ።

የተኛው በእኔው ክፍል ነው። እንግዲህ እንደማንኛውም በሽተኛ ጥያቄው ለሱም ሊቀርብለት ይገባል። እኔ ልጠይቀው አልቻልኩም። ሱሀይላን «አንቺ ጠይቂው» አልኳት። መጋረጃውን ዘግታ ገባች፤ እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ የመድኃኒት ጋሪ እያስተካከልኩ ቆየሁ፤ የተስተካከለ ጋሪ ነበር። ስትወጣ ፊቷን አየሁት። ምንም የለበትም። «አለቀ» ብላ ወደሚቀጥለው አልጋ ሄደች።

አልጠየቅኳትም። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ልጠይቅ ነው? ደግሞም የማውቀው መሰለኝ። አባቴ ከወንድሜ ከኡራኤልና ከእኔ በቀር ማን አለው? እናቴ ከሞተች ቆይታለች። ኡራኤል አልቃሻ ነው፤ እንኳን መርዶ ልደት ሲከበርም ያለቅሳል። እንግዲህ «መጀመሪያ ለልጄ ለሥርጉት፣ ወዲያው» ነው የሚለው ብዬ ደመደምኩ። በሽተኛ ምን እንደሚል አስቀድማችሁ አትገምቱ ብዬ ስንት ሰው አስተምሬ!

ወደ አዲስ አበባ ስሄድ ኡራኤልንም ሱሀይላንም አንድ ላይ አቁሜ ነገርኳቸው። አባዬ አንድ ነገር ቢሆን፣ ፈታኞቹ ፊት ቆሜም ቢሆን፣ ደውሉልኝ። ዶክትሬቱ ይቅርብኝ። አባቴን ሳልቀብር እንዳልቀር። ኡራኤል «እሺ» አለ፣ ጫማውን እያየ። ሱሀይላ «እኔ ሥራዬን እሠራለሁ» አለች። ያን ያህል ግልጽ ነገር ነግራኝ አልሰማኋትም። አባቴን ልሰናበተው ገባሁ። አገጬን ያዝ አደረገና «አውሮፕላኑ ያመልጥሻል፣ ሂጂ» አለኝ። ሳምኩት። ሄድኩ።

አዲስ አበባ ስልኬን ከእጄ አላስቀመጥኩም። መታጠቢያ ቤትም ይዤው እገባለሁ። ስልኩ ዝም ካለ አባቴ በሕይወት አለ ማለት ነው። ሲጠራ ዘልዬ አየዋለሁ፤ ብዙውን ጊዜ የቴሌ መልእክት ነው። ለኡራኤል ስደውል መጀመሪያ ላይ አባቴን ያቀርብልኝ ነበር፤ «በልተሃል?» ስለው «አንቺስ?» ይለኛል። ፈተናው ሲቃረብ ኡራኤል «አሁን አጠገቡ አይደለሁም፣ ደህና ነው» ይለኝ ጀመር። ድምፁ ወፍራም ነበር። ጉንፋን ይዞኛል አለ። ለሱሀይላ ደወልኩ። «ከፈተናሽ በኋላ እናወራለን፣ ኢንሻ አላህ» አለችኝ። የመርዶ አነጋገር ላይ ዶክትሬት የምይዝ ሴት ይህ አልገባኝም። ምናልባት ገብቶኝ ይሆናል፤ ለራሴ ግን ብዬው አላውቅም። ተመልሼ ወረቀቴን አነበብኩ።

ፈተናው ደህና ነበር። ከፈታኞቹ አንዷ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሚሰቅሉ ሴት፣ አንድ ነገር ጠየቁኝ። «በሽተኛው የመረጠው ነገር በሕይወት የሚቀሩትን የሚጎዳ ቢሆንስ?» ይህን ጥያቄ ጠብቄው ነበር፣ ተለማምጄዋለሁ። «መልሱ የበሽተኛው ነው። የእኛ ሥራ ቃሉን መጠበቅ ነው» አልኩ። ሴትየዋ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ደስ አላቸው መሰለኝ። አሳለፉኝ። ዶክተር ሥርጉት ብለው ጨበጡኝ። አባቴ ያን ጊዜ ተቀብሮ ነበር።

ድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ ስወርድ ኡራኤልና ሱሀይላ ቆመዋል። ሁለቱ አብረው ሊቀበሉኝ የሚመጡበት ምክንያት የለም። ኡራኤል ሳያየኝ ሻንጣዬን ወስዶ ወደ መኪናው ሄደ። ሱሀይላ እጄን ያዘችና ጥላ ሥር ወዳለው አግዳሚ ወንበር ወሰደችኝ። «ቁጭ በይ» አለችኝ። ተቀመጥኩ። እሷም ተቀመጠች። «አባትሽ ሀብተወልድ ሞተዋል» አለችኝ። ከዚያ ዝም አለች።

ምንም አልተሰማኝም። ይህን ስነግራችሁ አሁንም አይሰማኝም። ብቻ፣ ሱሀይላ ጥሩ አድርጋ እንደተናገረች አሰብኩ፤ አይኔን አይታ ነው፣ አልተቻኮለችም፣ ትከሻዬን አልነካችም። ውሃ ጠማኝ። አንድ ሰውዬ በአጠገባችን ሙዝ እየላጠ አለፈ። ልጣጩን የት እንደሚጥለው ተከትዬ አየሁት።

«መቼ?» አልኳት።

«አንቺ ከመፈተንሽ በፊት። በማግስቱ ተቀበሩ።»

ኡራኤል መኪናው ላይ ተደግፎ ጀርባውን ሰጥቶናል፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሄጄ ልመታው ፈለግኩ። እጄን ሳየው ጭኔ ላይ ተጋድሟል፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስላል።

«ደውሉልኝ ብዬ ነበር። ማን ነው የደበቀኝ?»

«ማንም አልደበቀሽም» አለች። «ጠየቅኳቸው። ‹ለሥርጉት ከፈተናዋ በኋላ። አንቺ ንገሪያት፣ ኡራኤል ያለቅስባታል› አሉኝ። ደግሜ ጠየቅኳቸው፤ ወላሂ ሦስቴ ነው የጠየቅኳቸው። ‹ልጅዎ ቀብርዎን ካላየሁ ትላለች› ብላቸው ‹ያስተማረቻችሁን አድርጉ› አሉ። አንቺ ነሽ መልሱ የበሽተኛው ነው ያልሽው፣ ሲስተር።»

ልቆጣት ፈለግኩ። መሳደብ እችላለሁ፤ የሚያውቀኝ ያውቃል። ግን ምን ብዬ? ያለችውን ሁሉ እኔ ነኝ ያልኩት። ስብሰባ ላይ ጠረጴዛ እየደበደብኩ ነው ያልኩት።

«ሌላ ምን አለ?»

 «ጥሩምባ እንዳይነፋ አሉ» አለችኝ።

«ለምን?»

«ጥሩምባ ከተነፋ ሰፈር ይሰማል። ሰፈር ከሰማ አንዱ ይደውልልሻል። ለኡራኤልም ለአቶ ኪዳነወልድም ራሳቸው አስጠርተው ይህንኑ ነገሯቸው። ስለዚህ ከሆስፒታል በቀጥታ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ወንድማቸው የተቀበሩበት ቤተ ክርስቲያን ወሰድናቸው። ሰፈሩ እስካሁን ሆስፒታል ያሉ ነው የሚመስለው።»

«ስንት ሰው ነበር?»

«ሬሳውን ለመሸከም የሚበቃ» አለች። «እኔም አንዱን ጎን ይዣለሁ። ሰው አንሶ ነው፤ ይቅር በይኝ፣ በእናንተ ሴት ትሸከም አትሸከም አላውቅም።»

አባቴ ማለት ያ ነው። ሠላሳ ዓመት ሰው ሲጠራ ኖሮ፣ የማንም ቀብር ባዶ እንዳይሆን ሲነፋ ኖሮ፣ የራሱን ለእኔ ፈተና ብሎ ባዶ አደረገው። ማልቀስ ነበረብኝ። «ሻንጣዬ ተቆለፈ ወይ?» ብዬ ኡራኤልን ጠየቅኩት። ተቆልፏል አለኝ። ተሳፈርንና የደንገጎን ዳገት ወጣን። ከሐረር በፊት ያሉት ሐይቆች ጋ ስንደርስ የኮንትራት መኪናው ሾፌር ዶክተር መሆኔን ከኡራኤል ሰምቶ ኖሮ በመስታወት እያየኝ «እንኳን ደስ አለሽ» አለኝ። አመሰግናለሁ አልኩት።

ቤት ስንገባ አቶ ኪዳነወልድ ከሁለት ሽማግሌ ጋር ግቢ ውስጥ ይጠብቁን ነበር። ተነስተው ነፍስ ይማር አሉኝ። እኚህ ሰው አንድ ጊዜ ሕዝቡን ልታስደነግጪ ነው ብለው የተቆጡኝ ናቸው፤ አሁን አንገታቸውን ደፍተዋል። «አጥፍተን እንደሆነ እግዚአብሔር ይፍረድ» አሉ። «ሀብተወልድ አስምሎን ነው። እንግዲህ አንቺ መጥተሻል፤ ነገ ጎህ ሲቀድ ጥሩምባው ይነፋል፣ ድንኳኑም ይጣላል። እስከዚያ ሰፈሩ ባያውቅ ይሻላል።» አሁንም ማሳደር! ደክሞኝ ነበር፤ ግን እዚህ ላይ አልለቅም አልኩ። «አይሆንም» አልኳቸው። «ከእንግዲህ በዚህ ግቢ የሚደበቅ ነገር የለም። የሚመጣ ሰው ካለ እኔ እነግረዋለሁ። ሥራዬ ነው፣ ለዚህ ነው ዶክተር ያሉኝ።» ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «እንደ ወደድሽ» ብለው ስለ ድንኳኑ ሊነጋገሩ ወጡ፤ ኡራኤልም ተከተላቸው። የአባቴ ክፍል በር ተዘግቷል። ሱሀይላና እኔ በረንዳው ላይ ቀረን።

ብዙም ሳይቆይ ከበር እልልታ ተሰማ። እማማ ብርነሽ ናቸው። ማለፌን ኡራኤል ለሰፈሩ ተናግሯል፤ እሱን መናገር ማንም አልከለከለውማ። ሙልሙል ዳቦ በጨርቅ ሸፍነው፣ አዲስ ነጠላ ለብሰው፣ በዚያ በታመመ እግራቸው እየዘለሉ ገቡ። «የኔ ዶክተር! የሀብቴ ልጅ! የማታ ማታ አየሁት!» ብለው አቅፈው ሳሙኝ። ደግመው ሳሙኝ። ሱሀይላንም ሳሟት።

ዳቦውን ተቀብዬ አስቀመጥኩ። በርጩማ ስቤ አስቀመጥኳቸው። እኔም ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ፣ ጉልበቴ ጉልበታቸውን እስኪነካ። እንዴት እንደሚደረግ ከኔ በላይ የሚያውቅ ሐረር ውስጥ የለም።

«እማማ» አልኩ።

«ወዬ፣ የኔ ዶክተር።»

«ሀብተወልድ» አልኩ። አባቴን በስሙ ጠርቼው አላውቅም ነበር። ስሙ ብቻውን ግቢው ውስጥ ቆመ።

እማማ ብርነሽ ወደ ተዘጋው በር አዩ። ፊታቸው በራ። «ወጣ እንዴ ከሆስፒታል? እሰይ! ለዚህ ቀን አደረሰው! ውስጥ ነው?»

ቃሉ አንድ ነው፣ አጭር ነው። ስንት ልጅ አስተምሬዋለሁ፤ ሲፈሩ ተቆጥቻቸዋለሁ። አፌን ከፈትኩ። ፊታቸውን አየሁት፣ በዚያ ሁሉ ደስታ የተጨማደደውን፤ እኔን ደግሞ ምንም አይሰማኝም፣ እጄም እግሬም የለም።

«አዎ» አልኩ። «እንቅልፍ ወስዶታል።»

ሱሀይላ ቀና ብላ አየችኝ።

እማማ ብርነሽ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ጫማቸውን ቀስ ብለው አወለቁና ድምፅ እንዳያሰማ በእጃቸው አነሱት። «ይተኛ፣ ይተኛ፣ እንዳንቀሰቅሰው» አሉ በሹክሹክታ። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብለው እጄን ጨበጡና፣ «ሲነቃ ግን እኔ ነኝ የምነግረው፣ ልጅህ ዶክተር ሆነች ብዬ። አደራ፣ ማንም እንዳይቀድመኝ» አሉኝ።

«እሺ እማማ» አልኳቸው። አጠገባቸው ሆኜ በሩን እያየሁ መጠበቅ ጀመርኩ።